ለኪስ ቢላ 180 ዶላር ማውጣት ዕብደት ነው?

ረጅም_መንገድ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ባለቤቴማ ስነግራት የያዘችውን ጭልፋ አስቀምጣ ነው የሳቀችው።

ኦሃዮ ነው የምኖረው፤ ትራክ እነዳለሁ፣ ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሰንጢ ከኪሴ ሳይወጣ የሚውልበት ቀን የለም። የፓሌት ፕላስቲክ እቀድበታለሁ፣ የተበጣጠሰ ስትራፕ (የጭነት ማሰሪያ) ጫፍ እቆርጥበታለሁ፣ ካርቶን እከፍትበታለሁ፣ ማታ ደግሞ እዚያው ትራኩ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም እከትፍበታለሁ (በመሃል እንደማጥበው እመኑኝ)። እስከ ዛሬ የምገዛው ትራክ ስቶፕ ውስጥ ገንዘብ መክፈያው አጠገብ ተደርድረው የሚሸጡትን ባለ 15 ዶላር ነው። በዓመት ሦስት አራት እጨርሳለሁ። አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይዶለዱማል፣ የአንዱ ብሎን ይወልቃል።

ባለፈው ጥቅምት ግን ስትራፕ ስቆርጥ መቆለፊያው ከዳኝና ስለቱ ጣቴ ላይ ተከደነ። አራት ስፌት። ሁለት ሳምንት መሪ የያዝኩት ጣቴን ቀስሬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰንጢ ማንበብ ጀመርኩ፤ መጀመሬ ነው ጥፋቱ። ቤንችሜድ የሚባለው ኩባንያ «በጋውት» የሚለው አለ፤ 52 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ዋጋው 180 ዶላር ገደማ። ከሱ በላይ ደግሞ የክሪስ ሪቭ «ሰበንዛ» አለ፤ ከ400 ዶላር በላይ። ለሰንጢ! የያዛችሁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ከባለ 15ቱ አሥር እጥፍ ይቆርጣል ወይስ ስም ነው የምንገዛው?

የመርካቶ_ልጅ፦

ስሙ ራሱ «በግ» ብሎ ነው የሚጀምረው። በዚህ ገንዘብ እውነተኛውን በግ ግዛና ቢላውን ከጎረቤት ተዋስ።

ወደ ቁምነገሩ ስመለስ፣ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የምሠራው። ፒንሳና ካቻቢቴ ላይ አልቆጥብም፤ ቢላ ላይ ግን ከካተር አልፌ አላውቅም። ሲደነዝ ጫፉን ቀጭ አድርጌ እሰብረዋለሁ፣ አዲስ ስለት ይወጣል። ይህን ነገር የፈጠረው ዮሺዮ ኦካዳ የሚባል የኦሳካ ሰው ነው፣ በፈረንጆቹ 1956። እንደ ቸኮሌት እየቆረሱ መጣል የሚለው ሐሳብ ነው የመጣለት። ኦልፋ የሚለው የኩባንያው ስምም ከጃፓንኛው «የሚሰበር ስለት» የተወሰደ ነው። ከዚህ በላይ ስል የሆነ፣ ከዚህ በታች ርካሽ የሆነ ሰንጢ ካለ አሳዩኝ።

ረጅም_መንገድ፦

@የመርካቶ_ልጅ ካተርም ሞክሬያለሁ ወንድሜ። ለካርቶን ወደር የለውም። ወፍራም ስትራፕ ላይ ግን ስለቱ ይወላገዳል፤ አንዴ ተሰብሮ ሲፈናጠር መነጽር ባላደርግ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የምነግርህ። ሽንኩርቱንማ ተወው።

ስዊድን_ብረት፦

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን «ምን ልትቆርጥበት ነው» ከሚለው ነው የሚጀምረው። የማሽን መቁረጫዎች የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ስለምሠራ ትንሽ ልዘርዝር።

አንድ ቢላ እንዲቆርጥ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የስለቱ ቅጥነት፣ ብረቱ የተሠራበት ቅይጥና ብረቱ በእሳት ያለፈበት መንገድ። ሰው ሁሉ የሚከራከረው ስለ ቅይጡ ነው፤ ስሙ ስለቱ ላይ ስለሚጻፍ። ከሦስቱ ግን መጀመሪያ እጅህ ላይ የሚሰማህ ቅጥነቱ ነው። ኦፒኔል ቁጥር 8 የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ጀርባው 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ሰበንዛ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ቲማቲምና ካሮት ላይ ባለ 20 ዶላሩ ባለ 400ውን ያሳፍረዋል። ይህ የእኔ አስተያየት አይደለም፤ ወፍራም ሽብልቅ ካሮት ሲገባ መቁረጡን ትቶ መሰንጠቅ ይጀምራል።

ቅይጡ ትርጉም የሚኖረው ስለቱ ስንት ጊዜ ይቆያል ሲባል ነው። ትራክ ስቶፕ የምትገዛው ላይ «ስቴንለስ» ብቻ ነው የሚለው አይደል? ያ ማለት ምንም ማለት አይደለም። በጋውት ላይ ያለው ኤስ30ቪ የሚባለው ብረት 4 በመቶ ቫናዲየም አለው። ቫናዲየሙ ከካርቦን ጋር ተጣብቆ ከአሸዋ ቅንጣት የጠነከሩ ነጠብጣቦች ብረቱ ውስጥ ይፈጥራል፤ ስለቱን ከመፋቅ የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ካርቶን ደግሞ ለስላሳ መስሎ ይታያል እንጂ የቢላ ጠላት ነው፤ ውስጡ የማዕድን ብናኝ አለበት፣ ብርጭቆ ወረቀት በለው።

ስለዚህ ለአንተ ሥራ ጥሩ ብረት ዋጋ አለው። 180 ዶላር ያስፈልጋል ወይ ከተባለ፣ አያስፈልግም። ከ15 ወደ 60 ዶላር ስትሄድ የምታገኘው ለውጥ ከ60 ወደ 180 ስትሄድ ከምታገኘው ይበልጣል። ከ180 ወደ 400 ያለው ደግሞ የመቁረጥ ጉዳይ አይደለም።

ባለሉካንዳ፦

ልጆች፣ አዲስ አበባ ሉካንዳ ቤት 11 ዓመት፣ ቨርጂኒያ 19 ዓመት ሥጋ ቆርጫለሁ። ሱቃችን ውስጥ ያለው ቢላ ነጭ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ነው፤ 30 ዶላር አይሞላም። ብረቱ ለስላሳ ነው። ጥቅሙም ለስላሳነቱ ነው። በሞረዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሦስቴ ሳብ ሳብ ሲደረግ የተጠማዘዘው ጫፍ ይቃናል፣ ሥራ ይቀጥላል። በቀን ሃምሳ ጊዜ ሞረድ እነካለሁ፤ ሳላየው ነው የምነካው።

አንድ ጊዜ ልጄ ለልደቴ ከ200 ዶላር በላይ የወጣበት ጠንካራ ብረት ቢላ ገዛልኝ። ሞረድ አይሰማም። አጥንት ሲነካ ጫፉ ተሸረፈ። አሁን እንግዳ ሲመጣ ዳቦ ይቆረስበታል።

ቁርጥ የሚበላ ሰው ሥጋውን በጥርሱ ይዞ ከከንፈሩ ሥር ወደ ላይ ነው የሚቆርጠው። አፍንጫ አለ፣ ከንፈር አለ። እንዲህ የሚበላ ሰው ቢላው ስንት ተገዛ ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ መሳሉን ነው የሚጠይቀው። የዶለዶመ ቢላ ነው እጅ የሚቆርጠው፤ ስለምትገፋው። አንተም ልጄ፣ ስትራፑን ስትቆርጥ ቢላው ስል ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አትገፋም፣ መቆለፊያውም አይለቅም ነበር።

ስዊድን_ብረት፦

@ባለሉካንዳ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ እዚህ ላይ የተለያየ ነገር እያወራን ይመስለኛል። ሥጋ ስለትን አይፍቅም። የእርስዎ ቢላ የሚደነዝዘው አጥንትና መክተፊያ ነክቶ ጫፉ ሲጣመም ነው፤ የተጣመመ ነገር ደግሞ በሞረድ ይቃናል። ለዚያ ለስላሳ ብረት ትክክል ነው። ካርቶን ግን ጫፉን አያጣምምም፣ ፍቆ ይወስደዋል። የሌለ ነገር በሞረድ አይቃናም። እዚያ ላይ ነው ጠንካራው ብረት የሚያዋጣው።

ባለሉካንዳ፦

እውነትህን ሊሆን ይችላል። ካርቶን ቆርጬ አላድርም። ግን ያ ጠንካራ ብረት አንድ ቀን መደንዘዙ አይቀርም። ያን ቀን ማን ይስለዋል? ይኸው የልጄ ስጦታ እንደተሸረፈ አራት ዓመቱ።

ሁለት_ኪስ፦

ሰበንዛ አለኝ። ድንጋዩን ወርውሩ፣ ቆሜያለሁ።

ዳላስ ነው ያለሁት፤ ሥራዬ ኮምፒዩተር ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የምቆርጠው ነገር የአማዞን ፖስታ ነው። ለዚያ 400 ዶላር አያስፈልግም፤ ቁልፍም ይበቃል። ታዲያ ለምን ገዛሁ? የፈጠረው ሰው ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ኩባንያው አይዳሆ ውስጥ ነው፤ «ሰበንዛ» በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። እጀታው ቲታንየም ነው፤ መቆለፊያው ለብቻው የተገጠመ ቁራጭ አይደለም፣ ከእጀታው ራሱ ተሰንጥቆ የወጣ ምላስ ስለቱን ከኋላ ይደግፈዋል። ዛሬ በየ30 ዶላር ሰንጢው ላይ የሚታየው የፍሬም መቆለፊያ ከዚህ ሰው የመጣ ነው። በራሴ እጅ እፈታዋለሁ፣ አጸዳዋለሁ፣ እገጥመዋለሁ። ስለቱ ሲዘጋ ያለው ልስላሴ... እሺ፣ ይበቃኛል።

@ረጅም_መንገድ ባለቤትህ ከሳቀች አንድ ነገር ጠይቃት። የሺመና ጥበብ ቀሚስና በማሽን የታተመው ጥበብ ሁለቱም ገላ ይሸፍናሉ። የቱን ነው ለጥምቀት የምትለብሰው? ስንት አወጣችበት? በዓመት ስንት ቀን? ከዚያ ስለ ሰንጢው ተነጋገሩ።

ረጅም_መንገድ፦

@ሁለት_ኪስ ይህን ጥያቄ ጠይቄ ሌሊቱን ትራክ ውስጥ ልደር?

ችግኝ_ጣቢያ፦

እስቲ ከወንዶቹ ጨዋታ ትንሽ ቦታ ስጡኝ። ሲዳማ ውስጥ የአቮካዶ ችግኝ ነው የማዳቅለው፣ እኛ ግራፍቲንግ ነው የምንለው። የአገሩን አቮካዶ ችግኝ ግንድ እሰነጥቅና ከላይ የሐስ ዝርያ ቅንጥብ እሰካበታለሁ፣ በፕላስቲክ እጠቀልላለሁ። የተቆረጠው ፊት እንደ መስታወት ለጥ ያለ ካልሆነ ሁለቱ አይጋጠሙም። መሃላቸው አየር ከገባ ቅንጥቡ ይደርቃል፤ ቢላው ግንዱን ከጨፈለቀውም አይያዝም። በቀን ብዙ መቶ ቁርጥ አለ። ስለዚህ ስለ ስለት ከናንተ ያላነሰ ሐሳብ አለኝ ብዬ ነው።

የሥልጠና ጊዜ አንድ አሠልጣኝ የጀርመን ቲና የሚባለውን የማዳቀያ ሰንጢ አሳየን። ስለቱ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የተሳለው፤ ሌላው ጎን ፍጹም ልሙጥ ነው፣ ለዚህ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆርጠው። የማይዝግ ብረት አይደለም፣ ካልጠረጉት በአንድ ሌሊት ይዝጋል። አንድ ሙሉ ቀን ሠራሁበት፤ እጄ አልደከመም። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

እኛ ግን የምንሠራው በጢም ምላጭ ነው። ግማሹን በፕላስተር ጠቅልለን እንይዘዋለን። ሲደነዝ እንጥለዋለን። የሚጸድቀው ችግኝ ቁጥር በምላጭም ጥሩ ነው። ልዩነቱ ጣቴ ላይ ነው፦ ምላጭ እጀታ የለውም፣ የአውራ ጣቴ ጠባሳ ተቆጥሮ አያልቅም። ስለዚህ «ውድ ቢላ የተሻለ ይቆርጣል?» ብትሉኝ አይ እላለሁ። «የተሻለ ይያዛል?» ብትሉኝ ግን እጄን እያየሁ ነው የምመልሰው።

ሁለት_ኪስ፦

@ችግኝ_ጣቢያ እህቴ፣ ከዚህ ክር ሁሉ ቁምነገር የጻፍሽው አንቺ ነሽ። የኔን ርሺው።

የመርካቶ_ልጅ፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ የባሌስትራ ቢላ። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላ ታገኛላችሁ። መልኩ አያምርም፣ እናቴ ቤት ያለው ግን ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ እስካሁን ሽንኩርት፣ ዶሮ፣ ጎመን አይመርጥም። ስለቱ ከመሳል ብዛት እንደ ጨረቃ ጎድጉዷል። ኩባንያ የለው፣ ሳጥን የለው።

አሽዶድ_ነኝ፦

@የመርካቶ_ልጅ ልቤን ነካኸው። አያቴ ጎንደር ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻም፣ ማጭድም፣ ቢላም ይሠሩ ነበር። የኛ የቤተ እስራኤል ሰው ብዙው በዚህ ሥራ ነው የኖረ፤ ሥራውንም ይፈልጉታል፣ ሠሪውንም ይንቁታል። ያ ሌላ ወሬ ነው።

አባቴ እንደሚነግረኝ አያቴ ብረቱን ውሃ የሚያጠጡት ቤቱን አጨልመው ነው። ብርሃን ካለ የብረቱ ቀለም አይለይም። አግለው ያጠልቁታል፤ ከዚያ እንደገና ቀስ አድርገው ያሞቁታል፤ ስለቱ ላይ የገለባ ቀለም ሲመጣ ያነሱታል። ወደ ሰማያዊ ከሄደ ለቢላ አለፈ፣ ለስላሳ ሆነ ማለት ነው። ቴርሞሜትር የለ። ዓይን ብቻ።

ስዊድን_ብረት፦

@አሽዶድ_ነኝ አያትህ ያደርጉት የነበረው እኛ በኮምፒዩተር በምንቆጣጠረው ምድጃ የምናደርገውን ነው። የገለባ ቀለም 220፣ 230 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሰማያዊው 300 አካባቢ። ከላይ «በእሳት ያለፈበት መንገድ» ያልኩት ይህንን ነው። እንደ ባሌስትራ ያለ ተራ ብረት በትክክል ውሃ ከጠጣ፣ ስሙ የገነነ ብረት ተበላሽቶ ከወጣ ይሻላል። ርካሽ ሰንጢ ላይ ዋናው ሌብነት እዚህ ነው፦ ስለቱ ላይ የተጻፈው የብረት ስም እውነት ቢሆን እንኳ እሳቱ ላይ ይቸኩላሉ፣ ይህን ደግሞ በዓይን አታየውም።

የብረት ጥንካሬ የሚለካው በሮክዌል ነው። የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ 56 አካባቢ ነው፣ ኤስ30ቪ ከ58 እስከ 61፣ በ2021 የወጣው ማግናከት የሚባለው ብረት ከ60 እስከ 64። ቪክቶሪኖክስ ዝቅ ያለው ማድረግ ሳይችሉ ቀርተው አይደለም። ማንም ሰው በማንኛውም ድንጋይ እንዲስለው ነው።

ለንደን_ዝናብ፦

ቪክቶሪኖክስ ስለተነሳ እኔ የዚያ ቤት ደቀ መዝሙር ነኝ። ካርል ኤልስነር በ1884 ኢባክ በምትባል የስዊስ መንደር ሥራ ጀመረ፣ በ1891 ለአገሩ ጦር የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፣ ዛሬ ቀይ ሆኖ የምናውቀው የመኮንኖች ሰንጢ ደግሞ በ1897 ነው የተመዘገበው። ስሙ የእናቱ ነው፤ ቪክቶሪያ ይባሉ ነበር፣ በ1909 ሲሞቱ በስማቸው ሰየመው። «ኢኖክስ» በ1921 የተጨመረው ከማይዝግ ብረት ስም ነው። የኔዋ ትንሿ ነች፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ መቀስ አላት፣ ወረንጦ አላት፣ የጥርስ መጎርጎሪያ አላት። የእሾህና የጥፍር ጉዳይ ሁሉ በሷ ያልቃል።

ግን ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ፦ ሕጉ። እዚህ ያለ በቂ ምክንያት ኪስህ ይዘህ መንገድ ልትሄድ የምትችለው ስለቱ 3 ኢንች ያልበለጠ፣ ታጣፊ ሆኖ የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው። የሚቆለፍ ከሆነ ፍርድ ቤት እንደማይታጠፍ ቢላ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሰበንዛ ብገዛ የሚኖረው መሳቢያ ውስጥ ነው። 20 ፓውንዷን ግን ቤተ ክርስቲያንም ይዤ እሄዳለሁ (ለዳቦው)።

ሙኒክ_በር፦

ጀርመንም ተመሳሳይ ነው፤ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መሄድ አይፈቀድም። ሥራ ምክንያት ነው። «ያምራል» ምክንያት አይደለም።

ሊዮን_ወንዝ፦

ስለ ኦፒኔል የተጻፈው እውነት ነው፤ የምኖረው ከሳቮያ ብዙ ሳልርቅ ስለሆነ እንደ አገሬ ዕቃ ነው የማየው። ከ1890 ጀምሮ ያው እንጨትና ስለት ነው፤ የሚሽከረከረው የብረት ቀለበት መቆለፊያ በ1955 ተጨመረ፣ በቃ። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ እንጨቱ ውሃ ከነካው ያብጥና ስለቱ አልወጣም ይላል። እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ኳ ያደርጉታል፣ ስለቱ ብቅ ይላል። ለትራክ ሥራ አልመክርህም፤ በአንድ እጅ አይከፈትም። ለሽንኩርቱ ግን ትራክህ ውስጥ አንድ ይኑር፤ በካርቶን ቢላ ቲማቲም አትክተፍ እባክህ።

የአባቱ_ልጅ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

አባቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው የሚኖር። ሕይወቱን ሙሉ አንድ ሰንጢ ነበረችው፤ እጀታዋ ቀንድ፣ በሽቦ የታሰረች። ብርቱካን ይልጥባታል፣ የበግ ቆዳ ይገፍባታል፣ ከጫማው ጭቃ ይፍቅባታል። ከሦስት ዓመት በፊት ለገና ስገባ 150 ዶላር የገዛሁትን በሻንጣ ይዤለት ሄድኩ (በእጅ ሻንጣ እንዳትሞክሩት፤ አሜሪካ በ2013 ትንንሽ ሰንጢ አውሮፕላን ውስጥ ሊፈቅዱ ነበር፣ የአስተናጋጆቹ ተቃውሞ በዛና ተውት)። አየው፣ ከፈተው፣ ዘጋው፣ መረቀኝ። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ከመሬቱ ወረቀትና ከእናቴ ወርቅ ጋር ቆለፈው። ማታ ብርቱካን ሲልጥ ያው በሽቦ የታሰረችው ነች።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ያወጣዋል አሉ። «ልጄ ከአሜሪካ» ይላል፣ ያዞራል፣ ይመልሳል። ስለቱ እስካሁን አንድም ነገር አልቆረጠም።

ባለሉካንዳ፦

አባትህን ዕድሜ ይስጥልህ። የልጄም ስጦታ ዳቦ የሚቆርሰው ለምን ይመስልሃል?

የመርካቶ_ልጅ፦

እዚህ የሚሸጠውን ልብ በሉ ደግሞ። የታወቀ ስም ያለበት፣ ሳጥኑ ሳይቀር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ግን ስለቱ ማርጋሪን የሆነ አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል። ጓደኛዬ ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን ሽቦ ሲልጥ ጫፉ ተጠቀለለ። አዎ፣ ተጠቀለለ።

ስዊድን_ብረት፦

ለዚህ ነው ስም ከመቅዳት የራሳቸውን ስም ይዘው የሚሠሩትን የቻይና ኩባንያዎች የምመክረው። ያንግጂያንግ የምትባል ከተማ አለች፣ ጓንግዶንግ ውስጥ፤ የቢላ ከተማ ነች። ሲቪቪ የሚባለውን የሚሠሩት እዚያ ነው፤ ከ50 እስከ 80 ዶላር ባለው ታገኛለህ። መቆለፊያቸው ይጠብቃል፣ ስለታቸው ቀጭን ነው። @ረጅም_መንገድ ወንድሜ፣ ጣትህን ያሰፋህ መቆለፊያው ነው። ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ መጀመሪያ ለእሱ አውጣ። ስትገዛ ከፍተህ ቆልፈው፣ ጀርባውን በመዳፍህ ሦስት አራት ጊዜ መታ መታ አድርገው፣ ወደ ላይና ወደ ጎን ወዝውዘው። ከተንቀሳቀሰ መልሰው።

የቀረህን ገንዘብ ደግሞ የአልማዝ መሳያ ግዛበት። ጋሽ ባለሉካንዳ «ማን ይስለዋል» ያሉት ትክክል ነው። ተራው ድንጋይ ብረቱ ውስጥ ካሉት የቫናዲየም ነጠብጣቦች ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ሥራው ይከብደዋል። አልማዝ ግን ይበላዋል።

ረጅም_መንገድ፦

መሳል አልችልም። እውነቱን ልናገር፣ እስከ ዛሬ የምጥላቸው ለዚህ ነው። ድንጋይ ላይ ስጎትተው የባሰ ይደነዝዛል።

ባለሉካንዳ፦

ስማኝ ልጄ። የስለቱን ጠርዝ በጥቁር ማርከር ቀባው። ድንጋዩ ላይ አንዴ ሳበውና እይ። ቀለሙ ከላይ ብቻ ከጠፋ ቢላውን ከልክ በላይ አስተኝተኸዋል፤ ጫፉ ላይ ብቻ ከጠፋ ከልክ በላይ አቁመኸዋል። ሙሉውን ሲጠርገው ያን ማዕዘን አትልቀቅ። አንዱን ጎን ብቻ ሳብ ሳብ አድርግ፣ በሌላው ጎን ጠርዙ ላይ በጣትህ ሻካራ ነገር እስኪሰማህ። እሱ ሳይመጣ ጎን የሚቀይር ሰው ነው ዕድሜ ልኩን ስሎ የማይስል። ከመጣ በኋላ ወደ ሌላው ጎን፣ ያው ነገር። መጨረሻ ላይ ግራ ቀኝ እያፈራረቅህ እጅህን እያቀለልክ፣ እያቀለልክ። የክብደትህን ያህል አትጫን፣ ሕፃን እንደማሻሸት ነው።

መሳሉን ለማወቅ ፀጉርህን አትላጭ፣ ያ የወጣት ነገር ነው። ስለቱን በቀስታ ጥፍርህ ላይ አሳርፈው። ከተንሸራተተ ገና ነው። ነክሶ ከቆመ ተው፣ አልቋል።

ሁለት_ኪስ፦

ይህን ማርከር የሚባል ነገር ሰበንዛ ከመግዛቴ በፊት ባውቀው ኖሮ... አይ፣ ያው እገዛው ነበር።

ረጅም_መንገድ፦ (ከሁለት ወር በኋላ)

የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ልመለስ። በጋውትን አልገዛሁም። ሱቅ ሄጄ ይዤዋለሁ፤ በጣም ያምራል፣ ኪስ ውስጥ ያለም አይመስልም። ግን በዓመት አንዱ እንደሚጠፋብኝ ራሴን አውቀዋለሁ፤ 180 ዶላር ሞንታና በረዶ ውስጥ ትቼ መሄድ አልፈልግም። 64 ዶላር አውጥቼ ከያንግጂያንጎቹ አንዱን ገዛሁ፣ ለሽንኩርቱ አንድ ኦፒኔል፣ አልማዝ መሳያ ደግሞ ሁለት ፊት ያለው፣ አንዱ ሻካራ (ቁጥር 400)፣ አንዱ ልሙጥ (ቁጥር 1000)። ሁሉም ተደምሮ የበጋውትን ዋጋ አልሞላም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሮጌ ሰንጢዎች መለማመጃ አድርጌ አበላሸኋቸው። ሦስተኛው ጥፍሬን ነከሰ። ያን ዕለት ጋሽ ባለሉካንዳን ልደውልላቸው ፈልጌ ስልካቸው የለኝም። የካርቶን ነገር እውነት ነው፤ አዲሱ ከሳምንት በላይ ይቆያል፣ የድሮው በሁለት ቀን ነበር የሚሞተው።

ችግሩ እቤት ነው። ደስ ሲለኝ የባለቤቴን የማድ ቤት ቢላዎች ሁሉ፣ አምስቱንም፣ በአንድ እሑድ ሳልኳቸው። ሰኞ እኔ ኢንዲያና እያለሁ ደወለች። ሽንኩርት ስትከትፍ እንደ ለመደችው ስትጫነው ጣቷን ቆረጣት። «የድሮዬን መልስልኝ» ነው የምትለው። አሁን ድንጋዩን ደብቃዋለች።

ባለሉካንዳ፦

አንድ ሳምንት ነው የሚፈጀው፣ እጇ ይለምደዋል። እስከዚያው ፕላስተር ይዘህ ግባ፤ ጥበቡንም አታንሳባት።